የአባቶቻችንን ጦርነት ከዛሬው ጋር እንዴት እናነጻጽር? ለታሪክ መምህራንና ለወጣት ጸሐፊዎች የቀረበ መመሪያ

በጎጃም የጦርነት ታሪክ የማይነገርበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አያቱ አርበኛ የነበረ፣ አባቱ ኦጋዴን ወይም ሰሜን ዘምቶ የተመለሰ ወይም በዚያው የቀረ፣ ወንድሙ ባድመ ላይ ምሽግ የቆፈረ ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። ይህ ሁሉ ትዝታ በእጃችን እያለ ግን፣ ተማሪዎች የቀድሞውንና የዘመኑን ጦርነት አነጻጽራችሁ ጻፉ ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት የመሣሪያ ዝርዝር ነው፤ በአንድ በኩል ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ፣ በሌላው በኩል ታንክ፣ ሮኬትና ድሮን። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን መሣሪያው ሲለወጥ የሰው ኑሮና አሟሟት እንዴት እንደተለወጠ አያስረዳም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላና በአካባቢው ታሪክ ለሚያስተምሩ መምህራን እንዲሁም የቤተሰባቸውን የዘመቻ ታሪክ ለመጻፍ ለተነሡ ወጣቶች ሲሆን፣ ንጽጽሩን ከመሣሪያ ሳይሆን ከርቀት፣ ከጊዜና ያልታጠቀው ሰው ከቆመበት ቦታ እንዲጀምሩ ይጋብዛል።

የሚነጻጸሩትን ጦርነቶች ለይቶ መያዝ

«ድሮ» የሚባል አንድ ወጥ ዘመን ስለሌለ፣ ከሁሉ በፊት የትኛውን ጦርነት ከየትኛው ጋር እንደሚያነጻጽሩ ይወስኑ። ለጎጃም ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ራስ አሊን ያሸነፉበት የአይሻል ጦርነት በ1845 ዓ.ም. የተካሄደው እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጥመው ቆስለው ተማርከዋል፤ በ1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች (ደርቡሾች) ጋር ተዋግተዋል፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። እነዚህን በአንድ ወገን ያኑሯቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን የጣሊያን ወረራና የአርበኝነት ዘመን ለብቻው ይያዙት፤ ለምን ለብቻው እንደሚያዝ ከታች ይታያል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይነት ምሽግና የሱኮይና የሚግ ተዋጊ ጄቶች ውጊያ በአንድነት የታዩበት በመሆኑ መሸጋገሪያ ሆኖ ያገለግላል። ለዘመኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዘርባጃንና በአርመን መካከል 44 ቀን የፈጀውን የናጎርኖ ካራባክ ጦርነትና ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዩክሬን ውስጥ የሚካሄደውን መውሰድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ የሚያበላሽ የዘመን አቆጣጠር ችግር አለ። ከውጭ መጻሕፍት ቀን ሲገለብጡ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ዓመት መሆኑን አይርሱ። ይህን ያልጠበቀ ተማሪ የተከዜን የመርዝ ጋዝ ጥቃት ከማይጨው ጦርነት በአንድ ዓመት አርቆ ይጽፈዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት ብቻ የሚበልጥ ነው።

ማን ጠራው? ምን በላ?

ስለ ጀግንነት ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ስንቅ ይጠይቁ። የዓድዋ ክተት የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን ነው። በእነዚህ ከአምስት ወር በላይ በሆኑ ጊዜያት እያንዳንዱ ዘማች በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ቋንጣውን በአጋሰስ ወይም በጀርባው ተሸክሞ፣ ሚስቱ ወይም ዘመዱ እያበሰለችለት በእግሩ ተጉዟል። ውጊያው በተጀመረበት ዋዜማ የሠራዊቱ ስንቅ ተሟጦ እንደነበር የታወቀ ነው። ስለዚህ የያኔው የጦር መሪ ትልቁ ጭንቀት የጠላት መድፍ ብቻ ሳይሆን የራሱ ሰው የሚበላው እህል ነበር፤ ጦርነቱም በመኸርና በክረምት መካከል ባለው የበጋ ወራት የታጠረ ነበር።

ስንቅ ያለቀበት ሠራዊት የሚበላው የገበሬውን ነው። ይህን የንጽጽሩን ክፍል ብዙዎች መዝለል ይወዳሉ፤ እኔ ግን መዝለል ያለብን አይመስለኝም። የቀድሞው ጦርነት ሰላማዊውን ሰው የማይነካ፣ ጀግና ከጀግና ጋር በሜዳ ተገናኝቶ የሚለያይበት ሥርዓት ነበር የሚለው አነጋገር ከጎጃም ታሪክ ጋር አይገጥምም። ተሰሪ (በገበሬ ቤት እንዲያድር የተመደበ) ወታደር የገባበት ቤት ጎተራው ይራቆት ነበር። በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት በጎጃም ላይ ያደረሰው ጥፋት ከክፉ ቀን ረሃብ ጋር ተደርቦ አገሩን ባዶ እንዳስቀረ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተው ይናገራሉ። ሰላማዊው ሰው የጦርነት ሰለባ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ጥፋቱ የሚደርስበት መንገድ ነው፤ ያኔ ወታደሩ እስከ ደጃፉ በእግሩ መምጣት ነበረበት።

ለዛሬው ጦርነት ይኸው የስንቅ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ባትሪና ጥይት ይሆናል። ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ወገኖች በቀን በሺዎች የሚቆጠር የመድፍ ጥይት ሲተኩሱ ቆይተዋል፤ ይህን ያህል የሚያመርተው ፋብሪካ ከግንባሩ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር የሚገኝ ነው። ተማሪዎች የዘመኑን ጦርነት አቅም ሲለኩ የወታደሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ፈረቃ እንዲቆጥሩ ያድርጉ።

ርቀቱን መለካት

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። ለሚያነጻጽሩት ለእያንዳንዱ ጦርነት ሁለት ጥያቄ ይመልሱ፦ ተዋጊው የሚገድለውን ሰው ያየው ነበርን? የሚገደለውስ ገዳዩን ያየው ነበርን?

በአይሻልና በእምባቦ መልሱ ለሁለቱም አዎ ነው። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ ከቀኝ፣ ግራዝማቹ ከግራ ተሰልፎ፣ ጠመንጃው ጥቂት ተኩስ ካሰማ በኋላ ፈረሰኛውና ባለ ጎራዴው ይገባል። ፉከራውና ቀረርቶው በውጊያው ውስጥ ሥራ ነበረው፤ ተዋጊው ማንነቱን ለጠላቱ ያስታውቅበት ነበር።

ይህ የተቋረጠበትን ጊዜ ለማሳየት ከጎጃም ሠራዊት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ይዘው ከደብረ ማርቆስ እስከ ሽሬ አቅጣጫ በእግር ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን ተከዜን የተሻገረው ኃይላቸው ደምበጉና በተባለው በር ላይ ከጣሊያን ሠራዊትና ከትናንሽ ታንኮቹ ጋር ገጠመ። እነዚያ ሲቪ 33 የተባሉት ታንኮች ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው የሚይዙና ከላያቸው የሚሽከረከር ማማ የሌላቸው ነበሩ፤ መትረየሶቻቸው የተገጠሙት በፊት ለፊት በመሆኑ ከጎንና ከኋላ የሚመጣባቸውን መምታት አይችሉም ነበር። ዘማቾቹ ይህን ጉድለት በውጊያው መካከል ተረድተው ከኋላ እየወጡባቸው፣ በገደልና በድንጋይ መካከል መፈናፈኛ ያጡትን እየከበቡ በእጃቸው አስገቧቸው፤ አንዳንዶቹ ተገለበጡ፣ አንዳንዶቹም ተቃጠሉ። በዚያ ቀን ብረቱ አዲስ ቢሆንም ውጊያው ገና የአባቶች ውጊያ ነበር፤ ሰው ጠላቱ ጋ ደርሶ ሊነካው ይችል ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በዚያው በተከዜ አካባቢ አውሮፕላኖች መጡ። ራስ እምሩ በኋላ በሰጡት ምስክርነት እንደገለጹት፣ የወረደው ከዚያ በፊት የሚያውቁት ዓይነት ቦምብ ሳይሆን መሬት ወይም ወንዝ ላይ ሲያርፍ የሚሰነጠቅና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሰል ነገር ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ተቃጠለ፤ ከወንዙ የጠጡትም ለረጅም ሰዓት ተሠቃይተው ሞቱ። ይህ ኢፕሪት የተባለው መርዝ ነው። ቆዳን፣ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥለው ከተነካ ከሰዓታት በኋላ ጭምር በመሆኑ፣ በሣርና በአፈር ላይም ስለሚቆይ፣ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ዘማች መርገጡ ራሱ አደጋ ነበር። ደምበጉና ላይ ታንክ በእጁ የያዘው ሰው በዚህኛው ቀን የሚይዘው ነገር አልነበረም። አብራሪው የገደለውን ሰው ፊት አላየም፤ የሞተውም ገዳዩን አላየም። በእኔ እምነት በቀድሞውና በዘመናዊው ጦርነት መካከል ያለው ድንበር በእነዚህ ስምንት ቀናት መካከል ያልፋል፤ የጎጃም ሠራዊትም በሁለቱም ወገን ቆሞ አይቶታል። የታሪክ መምህር ይህን አንድ ምሳሌ በሚገባ ካስተማረ ተማሪው ቀሪውን ራሱ ያገኘዋል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የርቀቱ መርዘም ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት በክሪች የአየር ኃይል ሰፈር የተቀመጠ ሰው በሳተላይት ግንኙነት አፍጋኒስታን ላይ የሚበር ሰው አልባ አውሮፕላን ሲመራ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በዩክሬን ደግሞ በጥቂት መቶ ዶላር የሚሠራ፣ ካሜራ የተገጠመለትና ፈንጂ የተሸከመ ትንሽ ድሮን ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ታንክ ሲያቃጥል ታይቷል፤ የሬዲዮ ሞገዱ እንዳይታወክበት አንዳንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ የኦፕቲክ ፋይበር ክር እየዘረጋ ይበራል። ተማሪዎች በጥንቃቄ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር እዚህ አለ። የድሮኑ ነጂ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ቢቀመጥም የሚገድለውን ሰው በካሜራው እስከ መጨረሻው ሰከንድ ያየዋል። ስለዚህ «ርቀት ጨመረ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ማየት በአንድ ወገን ብቻ ቀረ ማለት ይሻላል። የሙቀት ካሜራም ጨለማን አስወግዶታል። በበላይ ዘለቀ ዘመን የነበረ አርበኛ በሌሊት ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ዋሻ ተገን አድርጎ ጠላቱን ለዓመታት ሊሰወር ችሏል፤ ዛሬ የሰው ገላ ሙቀት በሌሊት ከሰማይ ይታያል።

ጊዜ

ዘመናዊ ጦርነት ፈጣን ነው የሚለውን አባባል ያለ ማጣራት አይቀበሉ። የዓድዋ ውጊያ በአንድ ቀን ተወስኗል፤ የዩክሬኑ ጦርነት ዓመታት ፈጅቷል። የፈጠነው ዒላማን አይቶ እስከ መምታት ያለው ጊዜ ነው። ቀድሞ ሰላይ ያየውን ይዞ በፈረስ ሌሊቱን ይጋልብ ነበር፤ ዛሬ ድሮኑ ያየውን መድፈኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይተኩስበታል። የተዋጊው ሰዓት ሲያጥር የጦርነቱ ዕድሜ የግድ አላጠረም።

ደጀኑ የት ነው?

ግንባርና ደጀን የሚባለውን ልዩነት ሲያስተምሩ ከአርበኝነት ዘመን ይጀምሩ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህንና በላይ ዘለቀን የመሳሰሉ የጎጃም አርበኞች ደጀናቸው የገበሬው ቤት ነበር፤ እህሉን፣ መረጃውንና መደበቂያውን የሚሰጠው እርሱ ነው። ጠላትም ይህን ስላወቀ መንደርና ሰብል ያቃጥል ነበር።

የዛሬው ደጀን በሽቦና በሞገድ የተሠራ ነው። ሩሲያ ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የዩክሬንን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በተደጋጋሚ ስትመታ፣ ሕዝቡ በክረምቱ ብርድ ያለ መብራትና ያለ ማሞቂያ እንዲቀር አድርጋለች። የኮምፒውተር ጥቃትም ከዚሁ ጋር ይታያል። በ2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ዩክሬን ውስጥ ተለቆ ዓለም አቀፉን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ጭምር ሥራ አስቁሟል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 ዓ.ም. የታወቀው ስተክስኔት የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ያበላሸው አንድም ጥይት ሳይተኮስ ነው። ለተማሪ ይህን በቅርብ ለማስረዳት፣ ባንክ ኔትወርክ የለም ብሎ የመለሰው ነጋዴና ስልክ በመቋረጡ አምቡላንስ መጥራት ያልቻለች እናት ምን እንደሚገጥማቸው መጠየቅ ይበቃል።

ወሬውን ማጥራት

በቀድሞው ጊዜ ወሬ በነጋሪት፣ በአዝማሪና በገበያ ይሄድ ነበር። ጎጃም ግን የታተመውን የጦርነት ወሬም ቀድሞ ያየ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ በ1933 ዓ.ም. ጥር ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ ሲቀመጡ፣ በአማርኛ የታተመ አዋጅ ከአውሮፕላን ይበተን ነበር፤ «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣም ተዘጋጅቶ ይሠራጭ ነበር። ዓላማው የጣሊያን ወታደር የነበረው ያገር ልጅ ከድቶ እንዲመጣ ነው። ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በተደረገው ግስጋሴ ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን የነበረው አነስተኛ ኃይል በብዛት የሚበልጠውን ጠላት ቦታ ያስለቀቀው በጥይት ብቻ ሳይሆን ከእውነተኛው የበለጠ ኃይል ያለው መስሎ በመታየትም ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ባለ ስልክ ወሬ አሠራጭ ሆኗል። ስለዚህ ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ የተገኘ ቪዲዮ በክፍል ውስጥ ማስረጃ ከመሆኑ በፊት ተማሪው እንዲያጣራው ያድርጉ። ምስሉን በጎግል ሌንስ ፈልጎ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ይይ፤ የተራራውን መልክ፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ፣ የልብሱንና የዝናቡን ሁኔታ ከተባለው ቦታና ወር ጋር ያመሳክር፤ ድምፁ ከምስሉ ጋር መሄዱን ያዳምጥ። የሌላ አገር የቆየ ምስል አዲስ ተብሎ መለጠፉ የተለመደ ነው፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ቁራጭ እንኳ እውነተኛ ውጊያ ተብሎ ሲሠራጭ ታይቷል።

ሕጉና ቁስለኛው

ስለ ሕግ ሲጽፉ ሕግ የሌለበትንና ሕግ የተጣሰበትን ጦርነት አይቀላቅሉ። መርዝ ጋዝ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ ፕሮቶኮል ታግዶ ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት ንግግር አውሮፕላኖች እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም ያወርዱት እንደነበር የሚገልጽ በመሆኑ፣ የክስ ማስረጃ ተደርጎ ሊነበብ ይገባዋል። ሰላማዊ ሰዎችንና ቁስለኞችን የሚጠብቁት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የጸደቁት በ1941 ዓ.ም. ነው። በራሱ ወስኖ የሚተኩስ መሣሪያን ለይቶ የሚገዛ አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን እስካሁን የለም። ቁስለኛውን በተመለከተ፣ ፔኒሲሊንና የደም ልገሳ ቀድሞ በቁስል ማመርቀዝ ይሞት የነበረውን ብዙ ሰው አድነዋል፤ ነገር ግን ድሮን በሚያንዣብብበት ግንባር ቁስለኛን ማውጣት ከባድ በመሆኑ ያ ትርፍ በከፊል እየጠፋ ነው።

ሽማግሌዎችን መጠየቅና መመዝገብ

የጣሊያን ዘመን ተዋጊዎች ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ ስለዚህ የሚያገኙት ልጆቻቸውን ነው። የኦጋዴን፣ የሰሜንና የባድመ ዘማቾች ግን አሉ። አባት ሆይ፣ ጦርነቱ እንዴት ነበር ብለው አይጀምሩ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ተነግሮ የተለሰለሰ ነው። ጥሪው እንዴት ደረስዎ፣ ከቤት ሲወጡ ምን ያዙ፣ መጀመሪያ የሰሙት የጦር ድምፅ ምን ነበር፣ ጠላትዎን በዓይንዎ ያዩት በስንት እርምጃ ርቀት ነው፣ በዚያ ጊዜ እርሻውን ማን አረሰው ብለው ይጠይቁ። እናቶችን ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ ስንቅ ያቀበሉት፣ መልእክት ያደረሱትና ቤቱን ያቆሙት እነርሱ ስለሆኑ ስለ ደጀን ከወንዶቹ የተሻለ ያውቃሉ። ፉከራና ግጥም ካገኙ እንዳለ ይመዝግቡት፤ በውስጡ ያለውን የግዳይ ቁጥር ግን እንደ መረጃ አይጠቀሙበት፤ የተነገረው ለውዳሴ ነውና። ሰውየው ዝም ካለ አይግፉት፤ ቡናውን ጠጥተው ሌላ ቀን ይመለሱ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ግጭት በሚመለከት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁስሉ ትኩስ ነው፤ የተናገረውም ሰው በተናገረው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ተማሪ ስለዚህ ጉዳይ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ አይላኩት። ስለ ቀደሙት ዘመኖች ለመጠየቅ የተጀመረ ጨዋታ ወደዚህ ካመራም መቅጃውን ያጥፉ። በስልክ የሚነሣ ፎቶ ቦታውንና ሰዓቱን በውስጡ እንደሚይዝ አይዘንጉ፤ ከማንሣትዎ በፊት የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ይዝጉ፤ የቤቱን ደጃፍና ሕፃናቱን ከምስሉ ውጭ ያድርጉ።

ቅጂውን በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ላይ የተቀዳበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የጠያቂውን ስምና ተናጋሪው ይሁን ብሎ የፈቀደውን ያህል ማንነቱን ይጻፉ። አንዱን ቅጂ አስቀድመው ለቤተሰቡ ይስጡ፤ ሰምተው የሚታረመውን ካረሙ በኋላ ሌላውን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ።